የወንድሜ ሳል ጸጥ ያለበት ክረምት

ባለፈው ሐምሌ ለአንድ ጉዳይ ሐዋሳ ሄጄ፣ ከመሃል ከተማ ወደ ታቦር በሚወጣ ባጃጅ ውስጥ አንዲት ወጣት እናት አጠገብ ተቀመጥኩ። ልጇን በፎጣ፣ በፎጣው ላይ በብርድ ልብስ፣ በብርድ ልብሱ ላይ በጋቢ ጠቅልላ ታቅፋዋለች። ከልጁ የሚታየው የአፍንጫው ጫፍ ብቻ ነው። ባጃጁ ጉድጓድ ገብቶ ሲያናጋን ጋቢው ገለጥ አለና የታሸ ዳማከሴ ሽታ አወደን።

"አሞታል?" አልኳት።

"ትንሽ ያስለዋል። ጥርስ ሊያወጣ ነው መሰለኝ።"

"ሲተነፍስ ደረቱን አይተሽዋል?"

ሳላስበው ነው ከአፌ የወጣው። ደንገጥ ብላ አየችኝ። "ሐኪም ነሽ እንዴ?"

"አይደለሁም።"

ትንሽ አመነታችና ጋቢውን ገለጠች፣ ብርድ ልብሱን ፈታች፣ ሹራቡን ወደ ላይ ሰበሰበች። ሁለታችንም ጎንበስ ብለን አየን። ትንሹ ደረት በእርጋታ ከፍ ዝቅ ይላል። ልጁ ብርድ ስለነካው ተናዶ አለቀሰ። "ደህና ነው አይደል?" አለችኝ መልሳ እየጠቀለለችው። "ደህና ይመስላል፤ ለማንኛውም ሐኪም ይየው" አልኳትና መውረጃዬ ስለደረሰ ወረድኩ።

የዳማከሴው ሽታ ግን አብሮኝ ወረደ። ዳገቱን በእግሬ ስወጣ እናቴን፣ አያቴንና በስምንት ዓመቴ ያሳለፍኩትን አንድ ክረምት ይዞብኝ መጣ።

ያን ጊዜ የምንኖረው ታቦር ተራራ ሥር፣ ዝናብ በዘነበ ቁጥር ቀይ ጎርፍ በደጁ በሚያልፍ ግቢ ውስጥ ሁለት ክፍል ተከራይተን ነበር። የፊተኛው ክፍል የእናቴ የስፌት ቤት ነው። ትምህርት ቤት ከመከፈቱ በፊት ያሉት ወራት የዩኒፎርም ወራት ስለሆኑ፣ ክረምት ሲገባ ቤታችን በሰማያዊ ጨርቅ ይሞላል። ወለሉ ላይ ክር፣ አልጋው ላይ እጅጌ፣ ወንበሩ ላይ ኮሌታ። ወንድሜ ናትናኤል ገና ዓመት አልሞላውም። እናቴ አዝላው ትሰፋለች። እግሯ የስፌት መኪናውን ፔዳል ሲረግጥ ጀርባዋ ስለሚወዛወዝ ናቲ እንቅልፉን ይለጥጣል፤ መኪናው ሲቆም ይነቃል። አባቴ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ወደ ሞያሌ መስመር ወጥቶ ይሰነብትና አንዳንድ እሁድ ብቻ ቤት ይውላል። ስለዚህ የልጅ ሕመምም የልጅ ጤናም የእናቴ ጉዳይ ነበር።

እናቴ ሳልን በጆሮዋ ነበር የምታውቀው። ከመኪናዋ ቀና ሳትል፣ በአጥር ማዶ የሚያስል ልጅ ሰምታ "ይሄ የጉንፋን ነው፣ ያልፋል" ትላለች። ሌላው ሲያስል "ይሄ ደረቅ ነው፣ ብርድ መቶታል" ትላለች። አንዳንዴ ደግሞ እጇን ከጨርቁ ላይ አንስታ ጆሮዋን ታቀናና "ይሄኛውስ ትክትክ እንዳይሆን" ብላ ትጨነቃለች። የሰፈራችን እናቶች ልጆቻቸውን አምጥተው ያስደምጧት ነበር። ለጉንፋኑ ሎሚ በሻይ፣ ለብርዱ በነጭ ሽንኩርት የተነጠረ ቅቤ ደረት ላይ ማሸት፣ ለምች ዳማከሴ። ሁሉም ሳል ስም አለው፣ ሁሉም ስም መላ አለው። ዛሬ ሳስበው የእነዚያ ሴቶች ነገር ግድየለሽነት አልነበረም። ቀኑን ሙሉ የሚያዳምጡት ልጆቻቸውን ነበር።

ዋናው ጠላት ብርድ ነው። ብርድ ከሐይቁ ይነሳል፣ በመስኮት ይገባል፣ በእግር ይወጣል፣ ደረት ላይ ይቀመጣል። እናቴ ይህን ስታስረዳኝ ብርድን እግርና እጅ ያለው አንድ ሰው አድርጌ ነበር የምስለው፤ ሲመሽ ከዓሣ ገበያው በኩል እየተንጎማለለ የሚመጣ። እሱ እንዳይገባ የመስኮቱን ስንጥቅ በዩኒፎርም ቁራጭ እንጠቀጥቃለን። ከሰሉ ውጭ ተያይዞ ገና ጭሱ ሳያልቅ ወደ ውስጥ ይገባል። ቤቱ ይሞቃል፣ የኔ ዓይን ይቃጠላል፣ ናቲ ያስላል። "አየሽ፣ አሁንም ብርዱ አለቀቀውም" ትላለች እናቴ፤ ምድጃውን ወደ እሱ ጠጋ ታደርገዋለች።

ናቲ መጀመሪያ ያሳለው ሐምሌ እንደገባ ነበር። እናቴ ሰምታ "ከጉንፋን ትንሽ ከበድ ያለ ነው" አለች። ዳማከሴውም ቅቤውም ተሞክሮ ሳሉ ሲብስ ወደ መድኃኒት ቤት ሄደችና እንዴት እንደሚያስል ለሻጩ በአፏ አስላ አሳየችው። እሱም ውኃ ተጨምሮበት የሚበጠበጥ፣ ሮዝ ቀለም ያለው ሽሮፕ ሰጣት። ሽሮፑ የከረሜላ ሽታ ስለነበረው ማንኪያውን የምልሰው እኔ ነበርኩ። ናቲ ቶሎ ተሻለው። መሳቅ ሲጀምር እናቴ ሽሮፑን አቆመች። "ለዳነ ልጅ መድኃኒት ማጠጣት ሆዱን ማበላሸት ነው" አለች። ጠርሙሱ መስኮት ላይ ተቀመጠ፤ የጎረቤታችን ልጅ ሲያስለው የተረፈው ግማሽ ለእሱ ሄደ። በሰፈራችን እንዲህ ያለ ጠርሙስ ከቤት ቤት ይዞር ነበር፤ እንደ ወንፊት፣ እንደ መዶሻ።

ሳሉ ግን ተመልሶ መጣ። ከእሱ ጋር አያቴም መጣች።

አያቴ የአባቴ እናት ናት፤ ቱላ ነው የምትኖረው። በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ቅቤዋን ይዛ፣ ጃንጥላዋን እንደ ምርኩዝ እየተደገፈች ነበር ግቢያችን የገባችው። እናቴ ወላይታ ናት፣ አያቴ ሲዳማ። ሁለቱም አማርኛን የተማሩት ካደጉ በኋላ ስለሆነ ሲጨቃጨቁ እንኳ ቀስ ብለው፣ ቃል እየመረጡ ነበር። አያቴ "እርስዎ" የሚባለውን ነገር ጨርሶ አትጠቀምበትም። ለቄሱም ለፖሊሱም ለእኔም "አንተ" እና "አንቺ" ነው። እናቴ ግን እርስዎ ሳትል አንድም ቀን አነጋግራት አታውቅም።

አያቴ የናቲን ሳል ትንሽ ሰማችና አፉን ከፍታ በብርሃን አየችው። "የማርታ እናት" አለች፤ በእኔ ስም እንጂ እናቴን በስሟ ጠርታት አታውቅም። "እንጥሉ ወርዷል። ይቆረጥ።"

የእናቴ መኪና ቆመ። ናቲ ነቃ።

"እማማ፣ እንጥልስ አላስቆርጥም" አለች እናቴ። "እኛ አገር አንድ ልጅ ሲቆረጥ ደሙ አልቆም ብሎ አይቻለሁ። እርስዎ ሌላ የፈለጉትን ይዘዙኝ።"

"ቱላ አንድ ሰው አለ። እጁ ጥሩ ነው። ስንቱን ቆርጧል።"

"አውቃለሁ እማማ። ይቅርብን።"

አያቴ ተቀምጣ የጃንጥላዋን ጭቃ በጨርቅ ቁራጭ መጥረግ ጀመረች። ቆይታ፣ ከጃንጥላው ላይ ዓይኗን ሳታነሳ፣ "ኋላ እንዳይቆጭሽ ነው" አለች።

እኔ እንጥል ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። እናቴ ደንበኞቿን በምታሳይበት መስታወት ፊት ቆሜ አፌን ከፈትኩና ከጉሮሮዬ መግቢያ ላይ የተንጠለጠለች ትንሽ ሥጋ አየሁ። ቀልቤ ተገፈፈ። ለካ እኔም አለኝ። ካልተቆረጠ እያደገ ይሄድና እንደ አባ ኮዳ በአንገት በኩል ይንጠለጠላል ብዬ ወሰንኩ። ሐይቁ ዳር የሚቆሙት እነዚያ ትልልቅ ወፎች በልጅነታቸው ያላስቆረጡ መሆን አለባቸው። በሌላ በኩል ደግሞ ድምፄ የሚወጣው ከእሷ መስሎኝ፣ ብትቆረጥ ቤተ ክርስቲያን ከልጆቹ ጋር መዘመር አልችልም ብዬ ሰጋሁ። ስለዚህ ለብዙ ቀን አያቴ ፊት አፌን ከፍቼ አልሳቅሁም።

ሳሉ ሲጠና እናቴ እየላላች መጣች። ጎረቤቶቻችን ከአያቴ ጋር ናቸው። "የኔዎቹ ሁሉም ተቆርጠዋል፣ ምን ሆኑ?" ትላለች አንዷ። ከቤተ ክርስቲያን እህቶች መጥተው በናቲ ላይ እጃቸውን ጭነው ጸለዩ። ሲወጡ ከመካከላቸው አንዷ በር ላይ ቆማ "እህቴ፣ ትልቅ ሰው የሚልሽን ስሚ" አለቻት። አባቴ መንገድ ላይ ነበር፤ ስልኩ አይሠራም። እናቴ ጨርቅ ስትቆርጥ መስመሩን ስታ አንድ እጅጌ አበላሸች። እንደዚያ ስትሳሳት አይቼ አላውቅም። መቀሱን አስቀመጠችና "እሺ እማማ፣ ሰውየው ይምጣ" አለች። ድምፅዋ የሷ አይመስልም ነበር። አያቴ ወደ ቱላ መልእክት ላከች። ሰውየው የሚመጣው በማግስቱ ጠዋት ሆነ።

ልክ በዚያ ቀን ናቲ ሳሉን አቆመ።

እናቴ ሥራዋን ትታ አዳመጠች። ምንም የለም። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ያንጠባጥባል፣ ናቲ ጸጥ ብሏል። "እማማ፣ ሳሉ ቀነሰለት እኮ" አለች፤ ከስንት ጊዜ በኋላ ፊቷ ፈካ። አያቴም ደስ አላት። "ቆራጩ እንደሚመጣ ሰምቶ ፈርቶ ነው" ብላ ቀለደች። እንዲህ ሲቀላለዱ አይቼ ስለማላውቅ እኔም ሳቅሁ፤ ያውም አፌን ከፍቼ። ናቲ ጡት እንኳ ብዙ አልፈለገም። እናቴ "ድካሙን ይወጣ፣ ይተኛ" አለች። ብርድ ልብሱን ደረብንለት። ከሰሉን ጨመርን። የሚያስፈራን ድምፅ ሲጠፋ የሚያስፈራው ነገር የጠፋ መሰለን።

ጠዋት አያቴ ከመቆረጡ በፊት ልጁን በቅቤ ላሸው አለች። አልጋው ላይ አጋደመችውና ጋቢውን፣ ብርድ ልብሱን፣ ሹራቡን፣ ካናቴራውን አንድ በአንድ ፈታች። ለካ ናቲን ራቁቱን ካየነው ሰንብተናል። እንዳይበርደው ብለን ገላውን እንኳ አላጠብነውም ነበር። አያቴ ቅቤውን በመዳፏ አሙቃ እጇን ደረቱ ላይ ልታሳርፍ ስትል አየር ላይ እንዳለ አቆመችው።

የናቲ ደረት ከጎድን አጥንቱ በታች በተነፈሰ ቁጥር ወደ ውስጥ ይሰረጉድ ነበር። አንድ ሰው ከውስጥ ሆኖ ቆዳውን የሚጎትተው ይመስላል። አፍንጫው ይነፋል። ከከንፈሩ ዙሪያ ያለው ቆዳ አመድ መስሏል። ትንፋሹ ሩጫ ላይ እንዳለ ውሻ ቶሎ ቶሎ ነው፤ ድምፅ ግን የለውም።

እናቴ በአያቴ ትከሻ ላይ አየችው። የጮኸችም ያለቀሰችም አይመስለኝም። ከላይ አንድ ነጠላ ብቻ ጣል አድርጋ አቀፈችውና ጫማዋን በእግሯ መፈለግ ጀመረች።

"ወዴት ነሽ?" አለች አያቴ።

"ሆስፒታል።"

"ሰውየው መንገድ ላይ ነው። አሁን ይደርሳል።"

"ይድረስ እማማ። ጉሮሮው አይደለም። ይዩት እንጂ፣ ደረቱ ነው። እኔ ጉሮሮውን ሳዳምጥ ደረቱ እንዲህ ሆኖ ነበር።"

አያቴ በሩ ላይ ቆማ ነበር። መንገድ የዘጋች መሰለኝ። እናቴም እንደዚያ መስሏት "እማማ፣ ያሳልፉኝ" አለች፤ ያን ጊዜም እርስዎን አልተወችም። አያቴ ግን ጃንጥላዋን ከግድግዳው አነሳችና ከፈተችው። "ብቻሽን አትሄጂም" አለች። "ማርታ፣ የልጁን ልብስ ያዢ።"

ጎርፉ መንገዱን ስለቆረጠው ባጃጅ እኛ ዘንድ አይወጣም። በጭቃው ቁልቁል ወረድን፤ እናቴ ከፊት፣ አያቴ ጃንጥላውን በናቲ ላይ ዘርግታ ከጎኗ፣ እኔ የልብሱን ፌስታል ይዤ ከኋላ። አያቴ ራሷ ሙሉ በሙሉ በሰበሰች። አስፋልቱ ጋ ባጃጅ አገኘን። ሹፌሩ የናቲን ፊት አየና ዋጋ ሳይናገር ነዳው።

ሆስፒታል ስንደርስ ሲስተር ብርቄ የምትባል ነርስ ናቲን ከእናቴ እጅ ተቀበለች። ወፍራም፣ ቀስ ብላ የምትራመድ፣ በእጇ ግን ፈጣን ሴት ነበረች። ደረቱን ገልጣ አየችና ሐኪሙን ጠራች። ከዚያ ብዙ ነገር በአንድ ላይ ሆነ። መርፌ ተወጋ፣ ቀጭን ቱቦ አፍንጫው ላይ ተደረገ፣ ከአልጋው አጠገብ ያለ ብረት ጠርሙስ ማፏጨት ጀመረ። "ምንድን ነው ያመመው?" አለች እናቴ።

"የሳንባ ምች ነው" አላት ሐኪሙ።

ይህን ስሰማ ግራ ገባኝ። ምችን አውቀዋለሁ፤ ጀርባን ፀሐይ ሲመታው የሚመጣ ነገር ነው። እኛ ግን ፀሐይ ካየን ሰንብተናል። ሲስተር ብርቄን ቀሚሷን ጎተት አድርጌ "ፀሐዩ የት አገኘው?" አልኳት። ሳቋን ዋጥ አድርጋ "የኔ እናት፣ ስሙ ነው እንጂ ከፀሐይ አይደለም። ሳንባው ውስጥ ቁስለት ገብቶ ነው" አለችኝ። አያቴ ወደ ሐኪሙ ዞራ "አንተ፣ ይድናል ወይ?" አለችው። ሐኪሙ ፈገግ አለ። "አሁን ማለት አልችልም እናቴ። መድኃኒቱን ጀምረናል፤ እስከ ነገ እንየው" አላት።

እዚያ ተቀመጥን። እናቴ አልጋው ጫፍ ላይ ሆና ዓይኗን ከናቲ ደረት ላይ አልነቀለችም። እስከዚያ ቀን በጆሮዋ ስትጠብቀው የኖረችውን ልጅ በዓይኗ መጠበቅ ጀመረች። ሲስተር ብርቄ ስትመጣ የተረፈውን ሽሮፕ፣ ከሰሉን፣ የተጠቀጠቀውን መስኮት ሳትጠየቅ አንድ በአንድ ነገረቻት። ሲስተር አልተቆጣቻትም። "ሳሉ ሲቀንስ የተሻለው መስሎሽ ነው" አለቻት። "ብዙ እናት እንደዚያ ይመስላታል። ልጁ አቅም ሲያጣ ማሳልም ያቅተዋል። ከእንግዲህ ካሳለ ልብሱን አውልቀሽ እዪው።"

እናቴ ራሷን ነቀነቀች። "አሙቄ ያዳንኩት መስሎኝ ነበር" አለች።

በዚህ ሁሉ ጊዜ አያቴ ግድግዳ ተደግፋ ቆማ ነበር፤ ከቀሚሷ ውኃ ይንጠባጠባል። ሲስተር ብርቄ ወደ ሌላው አልጋ ልታልፍ ስትል ክንዷን ያዘቻትና በሲዳሙ አፎ አንድ ነገር ጠየቀቻት። ቱላ ክረምት ክረምት ስለምሄድ ቋንቋውን ጥቂት እሰማለሁ፤ "ልጅ" እና "እንጥል" የሚሉትን "መቁረጥ" ከሚለው ጋር ለየሁ።

"ምን አለች?" አለችኝ እናቴ።

"እንጥሉ ይቆረጥ ነው የምትለው" አልኳት።

የእናቴ ፊት ተለወጠ። "እማማ፣ እዚህም?" አለች። "ልጄን እያዩት?"

ሲስተር ብርቄ እጇን አነሳች። "ቆይ፣ እንደዚያ አላሉም" አለች። አያቴን አየቻት። አያቴ መሬት መሬት ታያለች። ቆየችና ራሷን ነቀነቀች፤ ይነገር ማለቷ ነበር።

"ድሮ አንድ ልጅ ሞቶባቸዋል" አለች ሲስተር ብርቄ ወደ እናቴ ዞራ። "የመጀመሪያ ልጃቸው ነው። ያስለው ነበር። እንጥሉ ይቆረጥ ሲሏቸው ፈርተው እምቢ አሉ። ሲሞት ጊዜ ሰው ሁሉ፣ ባስቆረጥሽው ኖሮ ይተርፍ ነበር አላቸው። አሁን የጠየቁኝ እሱን ነው። ያኔ ባስቆርጠው ኖሮ ይተርፍ ነበር ወይ ነው የሚሉኝ።"

እናቴ ወደ አያቴ ዞረች።

ሲስተር ብርቄ ከአያቴ ፊት ቆመች። እናቴም እንድትሰማ ይመስለኛል በአማርኛ ነው የመለሰችላት። "እማማ፣ የእርስዎን ልጅ አላየሁትም። በምን እንደሞተ አላውቅም" አለቻት። "እንጥሉ ስላልተቆረጠ ግን አልሞተም። እንጥል ሁላችንም አለን፤ እኔም አለኝ። ሳል አያመጣም፣ ሰው አይገድልም። ቢያስቆርጡትም ሊሞት ይችል ነበር፤ ምናልባትም ደም ፈሶት። እርስዎ ያጠፉት ነገር የለም።" ይህንኑ ደግማ በሲዳሙ አፎ ነገረቻት።

አያቴ ግድግዳውን ተንሸራታ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። እኔ ነርሷ ተቆጥታት ያዘነች መስሎኝ ሲስተር ብርቄን በክፉ ዓይን አየኋት። እናቴ ግን ከአልጋው ወርዳ አያቴ አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ናቲን ከማየት ዓይኗን የነቀለችው ያን ጊዜ ብቻ ነው። የአያቴን የረጠበ ቀሚስ ጫፍ ይዛ በሁለት እጇ ትጨምቀው ጀመር፤ ውኃው ሲሚንቶው ላይ ፈሰሰ።

ናቲ በማግስቱም አላገገመም። ከዚያ ወዲያ ግን ደረቱ መሰርጎዱን እያቆመ መጣ፤ ጡት ያዘ፤ ቱቦውን በእጁ እየጎተተ ሲስተሮቹን አስቸገረ። ማሳልም ጀመረ። እናቴ ሲያስል ሰምታ የተደሰተችው በሕይወቷ ያን ጊዜ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ስንወጣ ሽሮፕ ተሰጣት። በዚህ ጊዜ ናቲ እየሳቀ፣ እየዳኸ፣ ክር እየበላም ቢሆን እስኪያልቅ አጠጣችው። ጎረቤታችን የተረፈ እንዳለ ልትጠይቅ ስትመጣ "የለም፤ ልጅሽን አምጪውና ደረቱን እንየው" አለቻት።

እንጥል ቆራጩ በዚያ ጠዋት ቤታችን መጥቶ፣ በረንዳው ላይ ዝናቡ እስኪያባራ ተቀምጦ ተመልሷል አሉ። አያቴ ስለ እሱ ክፉም ደግም አልተናገረችም።

እናቴ ከመስኮቱ ስንጥቅ ጨርቁን ነቅላ ጣለችው። ከሰሉ ፍም ሆኖም ደጅ ቀረ። አያቴ መስኮቱ ሲከፈት "ብርድ ይገባል" ትላለች፤ ተነስታ ግን አትዘጋውም። ነጠላዋን ተከናንባ ትቀመጣለች።

አባቴ የመጣው ቅዳሜ ነው። የሆነውን ሁሉ እናቴ ነገረችው፤ አንዱን ነገር ግን ለአያቴ ተወችላት። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ምሳ ቀረበ። ዓሣ ነበር። አያቴ ለአባቴ አጥንቱን እየለቀመች ሥጋውን ወደ እሱ በኩል ትገፋለታለች፤ ትልቅ ሰው ሆኖም እንደዚያ ታደርግለት ነበር። በዚህ መሃል፣ እጇን ሳታቆም፣ "ከአንተ በፊት አንድ ልጅ ነበረኝ" አለች።

አባቴ ጉርሻውን ይዞ ቀረ። እስከዚያ ቀን የመጀመሪያ ልጅ እኔ ነኝ ብሎ ነበር የሚኖረው።

"ሌዳሞ ነው ስሙ" አለች አያቴ። "ሳል ወሰደው። በኔ ጥፋት መስሎኝ ነበር። እንዳልሆነ ሆስፒታል ያለችው ልጅ ነገረችኝ።"

እናቴ ናቲን ከጭኗ አንስታ ለአያቴ አቀበለቻት። አያቴ ታቀፈችው፤ ሸሚዙን ገለጥ አድርጋ ደረቱን አየችና መለሰችው። አባቴ ጉርሻውን ትሪው ላይ አስቀመጠ።

"ማንን ነበር የሚመስለው?" አላት በመጨረሻ። "እኔን?"

አያቴ ብዙ አሰበች። ያን ፊት ካስታወሰችው ስንት ዘመን ሆኗት ይሆን፤ ከሩቅ እየፈለገች እንዳመጣችው ያስታውቅ ነበር።

"አይደለም" አለችው። "እኔን ነበር የሚመስለው።"